እድገቱ ለጨረታ፣ ሽልማቱ ለምረቃ፤ ውሃውን የሚያስወጣው ባለሙያስ?

የውሃ_ሰው (ክሩን የከፈተ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው አዲስ አበባ ባለ አንድ የውሃና ፍሳሽ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ የደረጃ እድገት ያገኙ፣ አዲስ የተቀጠሩና የተሸለሙ ሠራተኞች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ስማቸው የወጣው ሁሉ ይገባቸዋል፤ አብረን ስለምንሠራ አውቃቸዋለሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁም ብያለሁ። ዝርዝሩን ደግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደ ሲኒየር ያደጉት በሙሉ የዲዛይንና የፕሮፖዛል ክፍል ሰዎች ናቸው። ሽልማቱ የተሰጠው ትልቁን ጨረታ ላሸነፈው ቡድን ነው። ከሳይት ሱፐርቪዥን፣ ከኤሌክትሮመካኒካል፣ ከፓምፕ ቴስትና ከርክክብ ሥራ አንድም ሰው የለበትም።

ይህን የማነሳው አዲስ የእድገት መመሪያ የሚያረቅ ኮሚቴ ስለተቋቋመና እኔም አባል ስለሆንኩ ነው። እናንተ ከመንግሥትም ከግልም ከውጭም ስላላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ለአንዲት ትንሽ ከተማ የሠራነው የውሃ አቅርቦት ዲዛይን ነበር። ፓምፑ የተመረጠው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት በነበረው ግምት ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ፓምፕ ቴስት ሲደረግ የውሃው መጠን ደህና ቢሆንም፣ ሲሳብ ወለሉ ከተገመተው በጣም ዝቅ ብሎ ወረደ። የኛው ቴክኒሻን የመስክ መዝገቡን ይዞ ቢሮ ድረስ መጣና «በዚህ ፓምፕ ከሄድን የሚፈለገው ሊትር በሰከንድ ማጠራቀሚያው ጋ አይደርስም፤ ፓምፑ የሚቀመጥበት ጥልቀት ይቀየር፣ ሄዱ (ፓምፑ ውሃውን የሚገፋበት ከፍታ) እንደገና ይሰላ፣ ጄኔሬተሩም አብሮ ይታይ» አለ። ግዢው ቆመ፣ ስሌቱ ታረመ። ከተማዋ ዛሬ ውሃ አላት። የቴክኒሻኑ ስም ግን በመጨረሻው ሪፖርት ላይ እንኳ አልሰፈረም፤ ደረጃውም ያኔ የነበረው ነው።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ በውሃ ሥራ እድገት መለካት ያለበት ውሃው በመድረሱ፣ ፍሳሹም ተጣርቶ በመውጣቱ ነው። ጨረታ ማሸነፍና ሪፖርት ማስረከብ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነው። ስለዚህ ከሥራ መሪነት ጎን ለጎን የሙያ መሰላል ይኑር፤ ሰው ወንበር ሳይይዝም ማደግ ይቻለው። ምን ትላላችሁ?

ሻሸመኔ_ፓምፕ፦

እግዜር ይስጥህ፣ ይህን ስላነሳህ። እኛ ጋ ለፓምፕ ሰው ያለው ሽልማት ሌሊት በስልክ መቀስቀስ ነው። ሌላው እስኪጽፍ እጠብቃለሁ።

ጋሼ_ገፈርሳ፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በከተማ ውሃ አገልግሎት ነው። ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ውሃ መስጠት ሲጀምሩ፣ ግድቡን የነደፉት መሐንዲሶች ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ውሃው ከዚያ ወዲህ የመጣው በማን ነው ብትለኝ፣ በማጣሪያ ኦፕሬተሮች፣ በላቦራቶሪ ሰዎችና በመስመር ሠራተኞች ነው።

ስለ ቫልቭ ሠራተኛ ልንገርህ። ከተማው ውሃ በፈረቃ ሲያገኝ፣ ሌሊት ወጥቶ የዚህን ሰፈር ዘግቶ የዚያን የሚከፍት ሰው አለ። ቫልቩን በአንድ ጊዜ ቢዘጋው መስመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ቧንቧ ያፈነዳል። ቀስ እያለ፣ የዙሩን ቁጥር እየቆጠረ ነው የሚዘጋው። የትኛው ቫልቭ በግራ እንደሚዞር፣ የትኛው አስፋልት ሥር እንደተቀበረ፣ የትኛው ሙሉ በሙሉ እንደማይዘጋ ያውቃል። ካርታው ላይ የሌለ መስመር እሱ ጭንቅላት ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የምስጋና ወረቀትና ጋቢ ተሰጥቶት ይሸኛል። በማግስቱ መስመሩ ሲፈነዳ ተተኪዎቹ የሚዘጋውን ቫልቭ ፍለጋ መንገድ ይቆፍራሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም።

እንደኔ ከሆነ ለእንዲህ ያለ ባለሙያ የመጀመሪያው እድገት ገና በሥራ ላይ ሳለ አሠልጣኝ ማድረግ ነው። ደመወዙ ይጨመር፣ ሁለት ወጣት ይመደብለት፣ የሚያውቀውን ያስመዝግብ።

ቢድ_ማናጀር፦

ጋሼ፣ የጻፉትን አክብሬ ነው የማነበው። እኔ ግን የማቀርበው ሌላውን ወገን ነው፤ አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ውስጥ የጨረታ ክፍል ኃላፊ ነኝ።

የውሃ ሰው፣ ድርጅታችሁ ያደረገውን ያደረገው በክፋት አይመስለኝም። በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሠራ የማማከር ጨረታ ላይ ቴክኒካሉ ከ100 ነጥብ ይያዛል፤ ከዚህ ውስጥ ለቁልፍ ባለሙያዎች የሚሰጠው በተለምዶ ከ30 እስከ 60 ነው። ቁልፍ ባለሙያ የሚባለው ደግሞ ማስተርስ ያለው፣ የቡድን መሪ ሆኖ የሠራ፣ ተመሳሳይ ፕሮጀክት በሲቪው ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ድርጅቱ አንድን ሰው ሲኒየር ሲያደርግ የሚቀጥለውን ጨረታ እያየ ነው። ጨረታ ካልተሸነፈ የቴክኒሻኑም ደመወዝ አይከፈልም። በዚህ ላይ ልንዋሽ አንችልም።

ሁለተኛ፣ ሰው አሳድገህ አታቆየውም። ሲኒየር የሚል ደብዳቤ ካገኘ በኋላ ያንኑ ደብዳቤ ይዞ ሌላ ድርጅት ይሄዳል። ወይም ለዓለም አቀፍ ድርጅት በዶላር ይቀጠራል። ይህንንም ኮሚቴው ያስብበት።

የውሃ_ሰው፦

ቢድ ማናጀር፣ ስለ ነጥቡ ያልከው ልክ ነው፤ እኛም የምንሠራው በዚያው ነው። ግን አንድ ነገር ተመልከት። ያው የጨረታ ሰነድ ሱፐርቪዥን ሲሆን የኤሌክትሮመካኒካል ኢንጂነርና ሳይት ላይ ተቀምጦ የሚቆጣጠር ሬዚደንት ኢንጂነር በቁልፍ ባለሙያነት ይጠይቃል። ያኔ በቤታችን ያሳደግነው ሰው ስለሌለን ከውጭ ሲቪ እንለምናለን። ስሙ በፕሮፖዛል ላይ ያለው ሌላ፣ ሳይት የሚሄደው ሌላ ሲሆን ደንበኛው «ቃል የገባችሁልኝ ሰው የት አለ?» ይላል። የመስክ ሰው ብናሳድግ ጨረታውም ይጠቅመናል እያልኩ ነው።

ስለ መሄዳቸው፦ የኛ ቴክኒሻን ሳያድግም ሊሄድ ይችላል። የሚሄደው እንዲያውም ስላላደገ ነው።

የአዋሽ_ልጅ፦

እኔ የሳኒታሪ ኢንጂነር ነኝ፣ የልጅ እናትም ነኝ። ኮሚቴህ ይህን ይጻፍልኝ፦ «የመስክ ልምድ» ስትሉ እንዴት እንደምትቆጥሩት ተጠንቀቁ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። መብቴ ተከብሮ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። የእድገት ጊዜ ሲደርስ ግን «ያለፈው ዓመት ሳይት ላይ አልነበርሽም» ተባልኩ። በሕግ የተሰጠ ፈቃድ በነጥብ መስጫው ላይ ባዶ ሆኖ ተቆጠረ። ሳይቱ ደግሞ ሴት የምታድርበት ክፍልና መጸዳጃ የሌለው ካምፕ ነበር። የመጸዳጃና የፍሳሽ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ለገዛ ሠራተኛችን መጸዳጃ ሳናዘጋጅ «ሴቶች መስክ አይወዱም» እንላለን። ይህ ያንገበግበኛል።

የመስክ ልምድ ለእድገት መስፈርት ከሆነ፣ ድርጅቱ ሁሉም ሰው መስክ መውጣት የሚችልበትን ሁኔታ የማሟላት ግዴታ አብሮ ይጻፍ።

ጋሼ_ገፈርሳ፦

ልጄ የአዋሽ ልጅ፣ እውነትሽን ነው። በኔ ጊዜ በላቦራቶሪው ውስጥ ካሉት ጠንቃቆቹ ሴቶቹ ነበሩ፤ የክሎሪኑን ልክ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። መስክ ላይ ግን ማረፊያ የሚያስብላቸው አልነበረም።

መደብ_14፦

ከመንግሥት በኩል ልጨምር። እኛ ጋ ክፍት የሥራ መደብ በዝውውር፣ በእድገት ወይም በቅጥር ይሞላል። ቢፒአርና ቢኤስሲ የሚባሉት የአሠራር ማሻሻያዎች መጡ፣ ከዚያ ጄኢጂ የሚባለው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ መጣና መደቦች በነጥብ ተመዘኑ። ወረቀቱ ከበፊቱ ይሻላል፣ ይህን አልክድም። በዘመድ ይሰጥ የነበረውን ትንሽ አጥብቧል። ችግሩ አሁንም ከፍ ያለ ደመወዝ ለማግኘት ቡድን መሪ መሆን ግድ መሆኑ ነው። አንድ የማውቀው የውሃ ጥራት ኬሚስት ነበር፤ ናሙና ሲያይ ገና ከቀለሙና ከሽታው ምርመራውን ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ። ቡድን መሪ ሆነ። አሁን ቀኑን ሙሉ ዕቅድና ሪፖርት ይጽፋል፣ ስብሰባ ይቀመጣል። እሱ ደመወዝ አገኘ፣ ላቦራቶሪው ኬሚስቱን አጣ። ቡድኑም ደህና መሪ አላገኘም፤ ሥራው አይደለማ።

ስለዚህ የውሃ ሰው ያልከው የሙያ መሰላል ትክክል ነው። መሰላሉ እስከ ላይ ካልደረሰ ግን ዋጋ የለውም። ዋና ባለሙያ የዋና ሥራ አስኪያጅ ምክትል ያህል ደመወዝ ማግኘት ይችላል ወይ? ይህን በግልጽ ጻፉት።

አሌክሳንድሪያ_ቪኤ፦

ከቨርጂኒያ ሰላም። አገር ቤት በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ነው የመጣሁት፤ እዚህ የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር ነኝ። በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሙያ ያለን ሐበሾች ጥቂት አይደለንም።

እዚህ ኦፕሬተር ራሱን የቻለ መሰላል አለው። በቨርጂኒያ የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር ፈቃድ ከክፍል 4 ጀምሮ እስከ ክፍል 1 ይወጣል፤ ከፍተኛው 1 ነው። ለእያንዳንዱ ፈተናና የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ማጣሪያው እንደ መጠኑና እንደ ዓይነቱ የሚመጥን ክፍል ያለው ኦፕሬተር እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ፈቃዴን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር አሠሪዬ ይፈልገኛል፣ ደመወዜም ይጨምራል። መሐንዲሶቹ ደግሞ የራሳቸው አላቸው፦ መጀመሪያ የመሠረታዊ ምሕንድስና ፈተና፣ ከዚያ በተለምዶ 4 ዓመት ልምድ፣ ከዚያ የፕሮፌሽናል ኢንጂነር ፈተና። አንዱ መሰላል የሌላው የታችኛው ደረጃ አይደለም።

ሽልማቱም እንዲሁ ነው። ዋተር ኢንቫይሮመንት ፌዴሬሽን በሚባለው ማኅበር ስር ሃትፊልድ የሚባል ሽልማት አለ፤ የሚሰጠው ማጣሪያን በጥሩ ሁኔታ ለሚያስኬዱ ሰዎች ነው። ስሙ የተወሰደው በኢሊኖይ ግዛት የዲኬተርን ከተማ ማጣሪያ ያስተዳድር ከነበረ ባለሙያ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ የተጀመረ ደግሞ ሌላ አለ፤ ለሙያው ብዙ የለፋ ሰው ደረቱ ላይ የሚያደርጋት የወርቅ ቀለም ያላት ትንሽ የአካፋ ፒን ይሰጠዋል። አካፋዋ ዝቃጭ ለሚዝቁት ክብር ናት። የማጣሪያ ኃላፊዎች ፒኗን በኩራት አድርገው ስብሰባ ሲገቡ አይቻለሁ። በየዓመቱ በሚደረገው ትልቅ ጉባኤ ላይም የኦፕሬተሮች ውድድር አለ፦ የማጣሪያ ሂደት፣ ላቦራቶሪ፣ ደህንነት፣ የመስመር ጥገና፣ የመሣሪያ ጥገና። ቡድኖች በሰዓት ይወዳደራሉ፣ ባልደረባ ቆሞ ያጨበጭባል።

ዋሽንግተን ያለው ብሉ ፕሌንስ በቀን 384 ሚሊዮን ጋሎን የማጣራት አቅም አለው፤ ወደ 1.45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው። ያንን የሚያህል ማጣሪያ ገና ምሕንድስና ትምህርት ቤት ሳይገቡ በኦፕሬተርነት የጀመሩ ሰዎች ያስኬዱታል።

ሻሸመኔ_ፓምፕ፦

አካፋ ደረት ላይ! ይህን ለኛ ማጣሪያ ሰዎች አነብላቸዋለሁ።

የውሃ_ሰው፦

ወንድሜ አሌክሳንድሪያ፣ ይህ በጣም ጠቀመኝ። ስለ ሽልማት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሙያችን ውስጥ ያለ ታሪክ ነው።

ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ሲስፋፋ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲይዝ ተደርጓል። ከፊት ያለው ሂደት ዩኤኤስቢ የሚባለው ነው፤ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ ንጣፍ ውስጥ እያለፈ ያለ አየር ማስገቢያ ይጣራል፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ባዮጋዝም ይሰጣል። ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት በኔዘርላንድ የዋግኒንገን ተመራማሪው ጋትዘ ሌቲንጋ ናቸው። የፓተንት መብት አላስመዘገቡበትም፤ ሁሉም እንዲጠቀምበት ተዉት። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር የሊ ኩዋን ዩ የውሃ ሽልማትን ሰጠቻቸው። ዛሬ ከብራዚል እስከ ሕንድ፣ እስከ ቃሊቲ ይሠራበታል። የዓለም ትልልቅ የውሃ ሽልማቶች ሰውን የሚመርጡት ዘዴው ለብዙ ሕዝብ በመድረሱ ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ ግን ዋንጫ የሚሰጠው ለትልቁ የውል ገንዘብ ነው። ይህ ይስተካከል ነው የምለው።

ማንሆል፦

እኔ የፍሳሽ መስመር ፎርማን ነኝ። ስለ ሽልማት ስታወሩ ደህንነቱን አትርሱ፤ ግን በትክክል አድርጉት። አንዳንድ ቦታ «ዓመቱን ሙሉ አደጋ ያልደረሰበት ቡድን» ተብሎ ይሸለማል። ያኔ ምን ይሆናል? የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ይደብቃል፣ ጓደኞቹ ሽልማቱን እንዳያጡ።

ማንሆል ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለ። ጥቂት ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ሽታ የለም ብሎ የገባ ሰው ይወድቃል፤ እሱን ሊያወጣ የገባውም ይወድቃል። ስለዚህ የጋዝ መለኪያ ሳይኖር አልገባም ያለውን ሠራተኛ ሸልሙት። እኔ ባለሁበት ቦታ እንዲህ ያለ ልጅ ሥራ አዘገየ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎበታል። ልጁ ግን በሕይወት አለ።

ቢድ_ማናጀር፦

ማንሆል፣ ይህን ለራሴ ድርጅት ይዤ እሄዳለሁ። በተቆጣጣሪነት በምንሠራባቸው ሳይቶች ላይም ሥራ ያስቆመው ሱፐርቫይዘር ከኮንትራክተሩም ከደንበኛውም ነው ቁጣ የሚደርስበት። ቢያንስ የኛ ድርጅት ከጎኑ መቆም አለበት።

አዲስ_ምሩቅ_አርባምንጭ፦

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ ልወጣ። ከአርባ ምንጭ ዘንድሮ የተመረቅኩ ነኝ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሁለት፣ የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፤ «0 ዓመት» የሚል ሲወጣ ተመዝጋቢው ብዙ ነው። አማካሪ ድርጅት ልጠብቅ ወይስ በኮንትራክተር በኩል ሳይት ልግባ? ጓደኞቼ ሳይት ከገባሽ እዚያው ትቀሪያለሽ ይሉኛል።

የውሃ_ሰው፦

እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም፤ ቅጥርም የዚሁ ዝርዝር አንድ ክፍል ነው። የኛ ዝርዝር ላይ አዲስ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ በትውውቅ ሲቪ ያስገቡ እንደነበሩ ስነግርሽ አፍራለሁ፤ ኮሚቴው በግልጽ ማስታወቂያና በተግባር ፈተና ይሁን የሚል ሐሳብ ይዟል። ጓደኞችሽ እዚያው ትቀሪያለሽ ማለታቸው ደግሞ ለምን ይህን ክር እንደከፈትኩ ያሳያል፤ ሳይት የሄደ እንዳይቀር ነው የምንታገለው።

የአዋሽ_ልጅ፦

እኔ ግቢ እላለሁ። የቧንቧ መስመር ሲቀበር፣ የግፊት ሙከራ ሲደረግ፣ ማጠራቀሚያ ሲሞላና ማፍሰስ አለማፍሰሱ ሲፈተሽ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ሶፍትዌሩ ላይ የምትስይው መስመር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ግን ከመግባትሽ በፊት ማረፊያውን ጠይቂ፣ ውል ሳይፈረም አትሂጂ። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና በሙከራ ላይ ነሽ» እያሉ የሚያራዝሙ አሉ። የሠራሽበትንም የልምድ ደብዳቤ የሥራውን ዓይነት ዘርዝረው እንዲጽፉልሽ አድርጊ፤ «በኢንጂነርነት ሠርታለች» የሚል ብቻ አይጠቅምሽም።

ጋሼ_ገፈርሳ፦

ልጄ አዲስ ምሩቅ፣ አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት የወጡት ልጆች በየክልሉ ጉድጓድ ላይ ነው ሥራ የለመዱት። ዛሬ ብዙዎቹ ትልቅ ቦታ አሉ። ሳይት ላይ ከቴክኒሻኑ ጋር ተወዳጂ፤ የሚያሳይሽን ሁሉ ጻፊ።

አዲስ_ምሩቅ_አርባምንጭ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። እህቴም አመሰግናለሁ። ስለ ማረፊያው መጠየቅ ይቻላል ብዬ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

መደብ_14፦

የውሃ ሰው፣ ኮሚቴው መቼ ነው የሚያቀርበው? ረቂቁ ውስጥ ምን ገባ?

የውሃ_ሰው፦

በሚቀጥለው ወር ለማኔጅመንት ይቀርባል። እስካሁን የተስማማንበት የሙያ መሰላሉ ከሥራ መሪው እኩል እስከ ላይ እንዲደርስ ነው፤ ይህ ያንተ ጥያቄ ያስገባው ነው። በእያንዳንዱ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ መስክ የሠሩት ሁሉ ስማቸውና ሥራቸው ይሰፍራል። በሕግ የተሰጠ ፈቃድ ከነጥብ አያስቀንስም። ከዓመቱ ሽልማቶች አንዱ ተረክቦ አንድ ዓመት ያለችግር ለሠራ ፕሮጀክት ይሆናል፤ ተሸላሚዎቹም ከዲዛይነሩ እስከ ቴክኒሻኑ ያሉት በአንድነት ናቸው። ደመወዙ ላይ ገና እየተከራከርን ነው፤ ፋይናንስ በቀላሉ አይቀበልም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ነባር ባለሙያ የሚያውቀውን ያስመዝግብ ብለዋል። ለቫልቭ ቢሆን መዝገቡ ምን ምን ይያዝበት? ከደንበኞቻችን አንዱ ለሆነ የከተማ ውሃ አገልግሎት ቅጹን አዘጋጅተን ልንሰጥ እንፈልጋለን።

ጋሼ_ገፈርሳ፦

የቫልቩ ቁጥር፣ የቧንቧው ስፋትና ዓይነት፣ ከሁለት የማይነቃነቁ ምልክቶች ያለው ርቀት፤ ለምሳሌ ከድልድይና ከቤተ ክርስቲያን አጥር። ዛፍና የመብራት ምሰሶ አትጻፍ፣ ይነሣሉ። ለመዝጋት በየት በኩል እንደሚዞር፣ ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ስንት ዙር እንደሚፈጅ፣ መጨረሻ የተነካበት ቀንና የነካው ሰው ስም። ሲዘጋ ውሃ የሚያጡት ሰፈሮች። በተለይ ሆስፒታልና ዳቦ ቤት ካለ በቀይ ይጻፍ። የሚሞላው ራሱ የቫልቭ ሠራተኛው ይሁን፣ አጠገቡ ወጣቱ ቆሞ። ሲጨርስ ስሙን ከላይ ያስፍር።

የውሃ_ሰው፦

ተቀብያለሁ ጋሼ። ቅጹን ሠርቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ የጎደለ ካለ ያርሙኛል። ማንሆል፣ ለፍሳሽ መስመር ማንሆል ተመሳሳይ ቅጽ ብናወጣ የጋዝ ልኬቱን ዓምድ አንተ ጻፍልን።

ማንሆል፦

እሺ። ነገ ከቡድኑ ጋር ተነጋግሬ እልካለሁ።